«እርስዎ» እየተባልሁ ልሞት ነበር

ሆዴ የታወከው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ሁለት ወር የጾመ ሆድ ቅባት ሲያገኝ መረበሹ የተለመደ ነውና ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እኔም አልቆጠርሁትም። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ ገባ፣ ሆዴ ግን አልቆመም። በቀን አምስቴ ስድስቴ እወጣለሁ። ደም የለው፣ ይሄ ነው የሚባል ቁርጠት የለው፤ ውሃ ብቻ ነው። የበላሁት የማሽላ እንጀራ ሳይፈጭ ተመልሶ ሲወጣ በዓይኔ አየዋለሁ።

ማን እንደሆንሁ ልናገር። ዋግ ኽምራ፣ ደሃና ውስጥ የአንድ ደብር ቄስ ሚስት ነበርሁ። ባለቤቴን እዚህ ቄስ ሞላ እለዋለሁ፤ ስሙ ይህ አይደለም። ሰቆጣ አክስቴ ቤት ሆኜ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማርሁና እሱ ገና ዲያቆን ሳለ ተጋባን። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለችን። ከእሷ በታች ወንድ ልጅ ነበረን፤ በስምንት ወሩ በተቅማጥ ሞተ። ያኔ በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ፣ ጤና ጣቢያውም ባዶ ቤት ሆኖ ነበር። ሞቱን ለዘመኑ ክፋት ሰጥተን ቀበርነው።

የቄስ ሚስት መሆን በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰዎች ሳይቀሩ «እርስዎ» ይሉኝ ነበር። ውሃ ስቀዳ ቦታ ይለቁልኛል። ጤና ጣቢያ ስሄድም እንዲሁ ሆነ።

ጤና ጣቢያው ከቤታችን የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። በሐምሌ ዝናብ፣ በየቁጥቋጦው ሥር እየተቀመጥሁ ደረስሁ። የሚያክመው ነርስ ወጣት ነው፤ ባለቤቴ የንስሐ አባቱ ነው። ገና ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑብኝ?»

ወረፋ የያዙትን ሁሉ አሳልፎ አስቀደመኝ። ስገባ እያከማት የነበረችው ሴት ጠላ የምትሸጥ ምስኪን ናት፤ እሷም ሆዷን ነው የታመመችው። ለእሷ ሲነግራት ሰምቻለሁ፦ «ደምሽንም እናየዋለን፤ ኤችአይቪ ለሁሉም ነው የምንመረምረው።» ጣቷን ሊወጉ ወስደዋት ነበር። ለእኔ ግን የሰገራ ዕቃ ብቻ ሰጠኝ። ስለ ደም አላነሣም። እኔም ያን አለማንሣቱን እንደ ክብር ቆጠርሁት። ደስ አለኝ። ይህን ደብቄ ብጽፍ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ሰገራው ላይ ምንም አልተገኘም። «ቢሆንም የአሜባ ይውሰዱ» አለኝ። ወሰድሁ። በሁለተኛው ጊዜም ምንም አልተገኘም፤ «ጃርዲያ ይሆናል፣ አንዳንዴ ይደበቃል» ብሎ ሌላ ኪኒን ሰጠኝ። በሦስተኛው ጊዜ ታይፎይድ ተባልሁ። በእያንዳንዱ መድኃኒት ለሦስት ለአራት ቀን የቀለለኝ ይመስለኝና ተመልሼ እዚያው ነኝ።

በመካከሉ ጸበል ነበር። ባለቤቴ ራሱ ነው ያጠመቀኝ። ሰባት ቀን፣ ከዚያ ሌላ ሰባት ቀን፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ። ጸበሉን አልወቅስም፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። የምወቅሰውን ሰው ወደፊት እነግራችኋለሁ።

ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ዓይን ነው አሉ፣ ቀጥለው መተት ነው አሉ፣ በመጨረሻ ምንም ማለት ተዉ። ይሄኛው ባሰብኝ። ቀሚሴ እየሰፋ ሄዶ በገመድ አስረው ጀመር። ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆም ስላልቻልሁ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀረሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ልብሴን ይዛ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ ሰው እንዳያያት ዞራ በቁልቋሉ አጥር ጀርባ ነው የምትሄደው። አንድ ቀን «እማ፣ ሳሙናው አልቋል» አለችኝ። ዝም ብላ ስለ ሳሙናው ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳላስቸግራት ብዬ መብላት ቀነስሁ።

እናቴ እዚያው ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ነው ያለችው። ኽምጣኛ እንጂ አማርኛ እምብዛም አትችልም። መክሳቴን ሰው ነገራትና የምትታለብ ፍየል እየነዳች ሁለት ቀን ተጉዛ መጣች። «ወተት ያላነሣውን ሰው አላየሁም» ብላ ጠዋትና ማታ እያለበች ታጠጣኛለች። እኔ እጠጣለሁ፤ ሆዴ እንደ ድስት ይንተከተካል፤ ሳልደርስ ያመልጠኛል። «ገና አልለመደሽም» ትልና ጨምራ ትቀዳልኛለች። እምቢ ማለት አልቻልሁም። እናቴ ከዚያ ሁሉ መንገድ ያመጣችውን እንዴት እምቢ ልበል?

እንዲህ ሆኜ ዓመት ከሦስት ወር ሊሆነኝ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጠዋት ከመደቡ ልነሣ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶ ውሃ መዋጥ ያቅተኛል። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ነርሱ ሲያየኝ ደነገጠ። ወረቀት ጽፎ ወደ ሰቆጣ ላከኝ። መኪና ላይ ሲጭኑኝ «እግዜር ይማርዎት» አለኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ሰቆጣ ያገኘችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ የሩቅ አገር ልጅ። የማን ሚስት እንደሆንሁ አታውቅም።

«ስንት ጊዜ ያስቀምጥሻል?» አለችኝ።

«ስድስቴ። ሰባቴም ይሆናል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

«ከዘንድሮው?»

«ካምናው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መዘኑኝ፤ ሠላሳ አራት ኪሎ ነበርሁ። ከዚያ ከጤና ጣቢያ የመጣውን ወረቀት አንሥታ አነበበችና ቀና አለች።

«የኤችአይቪ ምርመራ ሦስት ጊዜ ተጠይቀሽ አልፈልግም ብለሻል። ለምንድን ነው?»

«ማን ጠይቆኝ?»

«እዚህ ተጽፏል።»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እጅ ጽሑፉም የሚነበብ አይደለም። በጣቷ አሳየችኝ፤ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ። ነርሱ ሳይጠይቀኝ መልሴን ጽፎልኛል። የንስሐ አባቱን ሚስት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አፍሮ፣ አለመጠየቁ ደግሞ እንዳያስቀጣው ፈርቶ፣ እምቢ ያልሁት እኔ ሆኜ እንድታይ አደረገኝ።

«አሁን እኔ ልጠይቅሽ» አለች ሐኪሟ። «ትመረመሪያለሽ?»

«የቄስ ሚስት ነኝ እኮ» አልኋት።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አለችኝ።

ብዙ ሰው በዚህ አነጋገሯ ይቀየማል። እኔ ግን «አንቺ» ብላ ስትጠራኝ የሆነ ሰው በመጨረሻ ያየኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ጣቴን ሰጠኋት።

ቫይረሱ ነበረብኝ። እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደ። «ታዲያ ሆዴስ?» አልኋት፤ ለእኔ የሆዴ በሽታና ይሄ በሽታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። አብራኝ የመጣችው እናቴ የአልጋው ብረት ላይ ያሰጣችውን ፎጣ ሐኪሟ አንሥታ አሳየችኝ።

«ውሃውን የሚመጥጡት እነዚህ ቆመው የምታያቸው ክሮች ናቸው አይደል? ትንሹ አንጀትሽም ውስጡ ልሙጥ አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ጣት የሚመስሉ ነገሮች ሞልተውታል። የምትበዪውን ምግብ የሚመጥጡልሽ እነሱ ናቸው። ሰው ቫይረሱ ደም ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለዋል። ግን ሰውነትሽን የሚጠብቁት ሕዋሳት አብዛኞቹ የሰፈሩት አንጀትሽ ግድግዳ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የሚያጠቃው እዚያ ነው። ግድግዳው ሲጎዳ ጣቶቹ ያጥራሉ፣ ይሳሳሉ። የበላሽው ሳይመጠጥ ያልፋል። ለዚህ ነው ሰገራሽ ላይ ትል ሲፈለግ የጠፋው።»

«ወተትስ?»

«ወተት የሚፈጨው እዚያው ጣቶቹ ጫፍ ላይ በሚመረት ነገር ነው። እነሱ ሲጎዱ ወተት ተቅማጡን ያብሰዋል። ለጊዜው ተይው።»

እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ዓይኗን ከእኔ ወደ ሐኪሟ ታመላልሳለች። «ምን አለችሽ?» አለችኝ በኽምጣኛ። ስለ አንጀቴ፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ወተቱ ሁሉንም ተረጎምሁላት። አንዷን ቃል ብቻ ዘለልሁ። እናቴ የሰማችው የወተቱን ነው።

«መድኃኒት ብዬ እኔው ስገድልሽ ከረምሁ በይኛ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አይደለም ብዬ ብምላትም ዛሬ ድረስ አላመነችኝም። የዘለልሁትን ቃል የነገርኋት ከሁለት ወር በኋላ ነው። «እሱማ ገብቶኛል» አለችኝ። «አንቺ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁሽ።»

ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን መጣ። ነገርሁት። ከዚያም ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል፤ መስቀሉን ይዤ ማልሁለት። ከእሱ ሌላ ወንድ እንደማላውቅ፣ ከየት እንዳመጣሁት እንደማላውቅ፣ ምናልባት በመርፌ፣ ምናልባት በእሾህ ማውጫ እንደሆነ እያለቀስሁ ለመንሁት። እሱ ጭንቅላቴን ዳበሰና «እግዜር ያውቃል። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ።

ይቅር አለኝ።

ሦስት ሳምንት ተኝቼ ስወጣ ሰቆጣ አክስቴ ቤት ገባሁ። ሌሎች በሽታዎች አለመኖራቸውን ካዩ በኋላ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አስጀምረውኝ ነበር፤ በቀን አንዲት ፍሬ ናት። አማካሪዋ «ሰዓትሽን አታዛንፊ እንጂ የሚመችሽን ምረጪ» ስላለችኝ ማታ ማታ እውጣለሁ። በገበያ ቀን ቄስ ሞላ ሊጠይቀኝ መጣ። በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ እንቅልፍ እንዳጣሁ ነገርሁት።

«ማታ ስለምትውጪው ነው» አለኝ። «ወደ ጠዋት አዙሪው። እኔም መጀመሪያ…»

አቆመ።

«አንተም መጀመሪያ ምን?»

ጭራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ቄስ ሞላ፣ አንተም መጀመሪያ ምን ሆንህ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ። በዚህ አወቅሁ።

አራት ዓመት ሆኖታል። በዓመት ሁለት ሦስቴ ጧፍና ዘቢብ ልገዛ ብሎ የሚሄድበት የሌላ አገር ከተማ መድኃኒቱን የሚወስድበት ነው። ከየት እንደያዘው ልጠይቀው ሳልል ስለ ምላጭ ይነግረኝ ጀመር፤ አስቆምሁት። ምላጭ ይሁን፣ ሰሊጥ አጨዳ ቆላ የወረደ ጊዜ ይሁን ለእኔ ምኔም አይደለም። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነበር።

«አራት ዓመት ካልህ እኔ ያኔ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሁ።»

ጋቢውን ሰበሰበ።

«ነግረኸኝ ቢሆን ልጁ ይተርፍ ነበር? እኔ መድኃኒቱን እየወሰድሁ ባጠባው ይተርፍ ነበር?»

«መንገድ ተዘግቶ ነበር እኮ» አለኝ። «ክህነቴንስ? ሰው ምን ይላል?»

«መንገድ በተዘጋ ጊዜ ዘቢብ ፍለጋ ብለህ ሁለት ቀን በእግርህ የሄድኸው…»

«መድኃኒቴ አልቆ ነበር» አለ፤ መሬት መሬት እያየ።

ልጄ ያን ጊዜ ስድስት ወሩ ነበር። ተቅማጡ ጀምሮታል። አባቱ ለራሱ ሁለት ቀን ሄዶ ሁለት ቀን ተመልሷል፤ ለልጁ ግን አንዲት ቃል አላመጣም። እኔ ደግሞ ስንቁን በሶ አዘጋጅቼ፣ መንገዱ እንዲቀናው መርቄ ነው የሸኘሁት።

ወደ ደሃና አልተመለስሁም። ልጄን አስመጣሁና አስመረመርኋት። የውጤት መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ነው። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ እየሳቀች ሕፃን የምታጠባ እናት ሥዕል ተለጥፏል። እንዳላይ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥሁ። ልጄ የእንግሊዝኛ ፊደል እየቆጠረች ግድግዳውን ታነባለች። በሩ ተከፈተና ውጤቱን እዚያው ድረስ አምጥተው ነገሩኝ። ነፃ ናት። እሷ የተወለደችው ነገሩ ቤታችን ሳይገባ ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።

የዳንሁት በአንድ ጊዜ አይደለም። አንጀቴ እስኪያገግም ወራት ፈጅቷል። ሥጋና ቅባት ሳይሆን አጥሚት፣ ሩዝ፣ ድንች፣ በትንሽ በትንሹ እበላ ነበር። ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን በከረጢት የታሸገ የለውዝ ቅባትም ሰጥተውኝ ነበር። የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ ከረጢቱን ስቀበል ያዩኝ ሁሉ ልጄ የት እንዳለ ይፈልጉ ነበር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከመጸዳጃ ቤት እንደ ጤነኛ ሰው ሆኜ ስወጣ በሩን ተደግፌ አለቀስሁ። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ያልታመመበት አይገባውም። ዛሬ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ወርዷል ብለውኛል። ወተት ግን አሁንም አይስማማኝም፤ ሐኪሟም ግድግዳው እንደ ድሮው ሙሉ ለሙሉ ላይመለስ እንደሚችል አልደበቀችኝም። ተቅማጥ የያዘው ሁሉ ይሄ በሽታ አለበት እያልሁ አይደለም። ሆዳችሁ ከወር በላይ ካልቆመ፣ ሰገራችሁም ላይ ምንም ካልተገኘ፣ ሳትጠየቁ «ደሜንም እዩት» በሉ። አክብሮ የሚያልፋችሁን ባለሙያ አትመኑት። እኔ አምኜው ነው እዚህ የደረስሁት።

አሁን አንድ ትምህርት ቤት እያጸዳሁ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። አገር ቤት ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ በሽታውን ያመጣችው እሷ ናት ተብሏል። የከሳሁት እኔ፣ በቃሬዛ የሄድሁት እኔ፣ ሰቆጣ የቀረሁት እኔ። ማን ሌላ ሊባል ይችላል?

ባለፈው ጥር ቄስ ሞላ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ትልቁ አያ ካሣ ናቸው፤ በደብሩ የተከበሩ፣ የሞተውን ልጄን ክርስትና ያነሡ ሰው።

«ልጄ፣ የሆነው ሆኗል» አሉኝ። «እሱ ይቅር ብሏል። ንብረቱን በሰላም ተካፈሉና የቄሱን ስም እንዳትነኪ። የምንለምንሽ ይህን ነው።»

«አያ ካሣ፣ እኔ እኮ ከእሱ ነው የያዝሁት። መድኃኒቱን ከእኔ ቀድሞ ነው የጀመረው። እዚሁ ይጠይቁት።»

ሁሉም ዞረው አዩት። እሱ ቀይ፣ ወፍራም፣ ፊቱ የሚያበራ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጥ ሰው እንደዚያ ነው።

«ሰውነቴን እያያችሁት ነው» አላቸው። ሌላ ምንም አላለም። መዋሸት እንኳ አላስፈለገውም።

አያ ካሣ ተነሡ። «በካህን ላይ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ነውር ነው» አሉኝና ወጡ። «ደኅና ሁኚ» እንኳ ሳይሉ ነው ደጄን የተሻገሩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሥራ ስመለስ፣ ብቻቸውን በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አልፌያቸው ልገባ አሰብሁ፤ በእውነት አስቤ ነበር።

«ትልቋ ልጄን ታውቂያታለሽ» አሉኝ። «አበርገሌ የዳርኋት።»

«አውቃታለሁ።»

«ከክረምት ጀምሮ ሆዷ አልቆመም። ቀሚሷ…» በእጃቸው ስፋቱን አሳዩኝና ተዉት።

«አልታከመችም?»

«ሦስቴ ሄዳለች። የአሜባ ሰጧት። ምንም አላገኘንም ይላሉ።»

«ደሟን እንያው አላሏትም?»

ሽማግሌው አዩኝ። «ያውቁኛል እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔን ልጅ ምን ብለው ይጠይቋታል?»

በሩን ከፈትሁና ወንበር ሰጠኋቸው። አልተቀመጡም። ይቅርታም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልጠበቅሁም።

«ሰኞ ይዘዋት ይምጡ» አልኋቸው። «የሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ አያ ካሣ፤ የማን ልጅ እንደሆነች እንዳይነግሯቸው።»